ከየመጽሐፉ የጎደለች ቅጠል

ሞያሌ፣ ኬንያ
መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጤናዬ፤

አዲሱን ዓመት በጤና ያስጀመረሽ አምላክ መካከሉንም መጨረሻውንም ያሳምርልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

አምስተኛው ካርቶን ደርሶኛል። ናይሮቢ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ፣ በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ መጣ። ከመጻሕፍቱ ሁሉ የረጠበው ስለ በረሃ የተጻፈው ብቻ ነው። ልስቅ ነበር፤ ግን ገጾቹ ተጣብቀው ስለ ግመል የሚናገረውን ምዕራፍ ስላሳጡኝ ተናደድኩ።

አስቀድሜ የምወቅስሽ አለኝ። ከካርቶኑ ጋር የላክሽው ደብዳቤ ቀን የለውም። «ሰሞኑን ትንሽ አሞኝ ነበር» ትያለሽ። የትኛው ሰሞን? ካርቶኑ መንገድ ላይ ሁለት ወር ቆይቷል። ድናለች ብዬ ደስ ይበለኝ ወይስ ልጨነቅ? ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ግማሽ ውሸት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከአውስትራሊያ ወረቀትሽ እስኪመጣ እኔ ቤት ስምንት ወር ተቀምጠሽ እንግሊዝኛ ስታጠኚ፣ በደብተርሽ አናት ላይ ቀን ካልጻፍሽ አላርምልሽም ነበር። ረሳሽው?

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። ስለ ንብ የተጻፈው ድንቅ ነው። ሰውየው የሚያውቀውን በግልጽ ይናገራል፤ የማያውቀው ላይ ሲደርስ «ይህን ገና አልደረስንበትም» ብሎ ያልፋል። ስለ እንቅልፍ የተጻፈው ግን በአሥር ገጽ የሚያልቅ ሐሳብ ሦስት መቶ ገጽ የተጎተተበት ነው፤ መጨረሻው ላይ ማውጫ እንኳ የለውም። የተማርኩት ጂኦሎጂ መሆኑን እያወቅሽ ስለ መሬት አፈጣጠር የላክሽልኝማ አሳፋሪ ነው። አህጉሮች መንቀሳቀሳቸውን ደራሲው «የጥቂት ሰዎች ግምት» ይለዋል! ይህን የሚያህል ደንቆሮ ማን መጽሐፍ አስጻፈው? ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ።

የቅዳሜ ስብሰባችን ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኛል። ፎቶ ኮፒ የማነሣባትንና ደብተር የምሸጥባትን ሱቄን፣ እዚህ ዱካ የሚሏትን፣ ታውቂያታለሽ። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማሽኑን አጠፋና አራት ሆነን እንቀመጣለን። ሮዛ ከእኔ ሦስት በር ዝቅ ብላ ሆቴል አላት፤ የማትጠይቀው ጥያቄ የለም። ፖል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ አማርኛውን የለመደው ሮዛ ቤት ምሳ ሲበላ ነው። ጉዮ ጎልቦ ከሚሉት ቆላ ግመል እያመጣ ይሸጣል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ አንዴ የሰማውን ግን አይረሳም። እኔ በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ ጉዮ ሳምንቱን ሙሉ በኦሮምኛ ሲያወራው ይሰነብታል። ባለፈው ሰኞ ከጎልቦ የመጣ የማላውቀው ሰው ዱካው በር ላይ ቆሞ «ንብ አዲስ ቤት የምትመርጠው ተመካክራ ነው ያልከው አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጉዮ አንድ መጽሐፍ ይለምንሻል። «ምዋሊሙ» አለኝ፤ ሁሉም ምዋሊሙ ነው የሚሉኝ፣ መምህር እንደማለት ነው። «የንቡም መጽሐፍ መልካም፣ የጨዉም መልካም። የእባብ የለህም?»

«ለምን የእባብ?» አልኩት።

«ዝናቡ ሲመጣ ቤታችን የሚገባው እንግዳ እሱ ነዋ።»

ስለዚህ የእባብ ፈልጊልኝ፤ ስለ ንክሻው መድኃኒት የሚናገር።

በመጨረሻ፦ እስከ ዛሬ ከላክሽልኝ መጻሕፍት ሁሉ ከፊት አንዲት ቅጠል ጎድላለች። ማን እንዳሳተመው፣ የትና መቼ እንደታተመ የሚጻፍባት ቅጠል። በምላጭ ነው የተቆረጠችው፤ ንጹሕ አድርጎ ነው የቆረጣት፣ ማንም ይሁን። ምክንያቱን እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ አሰግድ


አደላይድ፣ አውስትራሊያ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሰግድ፤

የጠዋት ጸሎቴ ውስጥ ስምዎ አለ፤ ወገብዎንም ጨምሬ እጠራለሁ። ቀኑን ከላይ ጽፌያለሁ፤ አይቆጡኝ። ሕመሙ ጉንፋን ነበር፤ አልፏል።

አያቴና አያትዎ እኅትማማች ነበሩ ከማለት በቀር ዝምድናችንን በደንብ መቁጠር አልችልም። ሆኖም ከዘመዶቼ ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹ በስልክ ሥዕል ይልካሉ። የርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ግን አሁንም ደብተሬን ይዤ ከፊትዎ የቆምኩ ይመስለኛል።

የቅጠሏ ነገር ቀላል ነው። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈው እሷ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ወደ ሰው ሲያልፍ ማውጣት ደንብ ነው። ለዚህ ነው።

የእባቡን አግኝቻለሁ። በዚህኛው ካርቶን ውስጥ ከላይ ያለው እሱ ነው። ሥዕሎቹ ያምራሉ። ስለ መስተዋት አሠራር፣ ስለ ጉንዳንና ስለ ካርታ ታሪክ የተጻፉም አሉበት። የካርታው ማውጫ አለው፤ አይቼ ነው የላክሁት።

ሮዛን፣ አቶ ፖልን፣ ጉዮን ሰላም ይበሉልኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ስለ ላክሁት መጽሐፍ ሲያወሩ ማሰብ እዚህ ቀኑን ያሳጥርልኛል።

ታናሽ እህትዎ ጤናዬ


ሞያሌ
ጥር 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጤናዬ፤

የልደቱና የጥምቀቱ በረከት ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። ቀን በመጻፍሽ አመሰግናለሁ። የቅጠሏ ደንብ ሞኝ ደንብ ነው፤ ቢሆንም ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል።

የእባቡ መጽሐፍ የዓመቱ ምርጥ ነው። ይህን የምለው በቀላሉ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ጸሐፊው አይቀባጥርም። ምን ዓይነት እባብ፣ ምን ዓይነት ጥርስ፣ ምን ዓይነት መርዝ፣ ሲነድፍ ምን ይደረጋል፤ በተራ በተራ። ሙቀቱን ሁሉ በፋራናይት ስለሚጽፍ እኔ ወደ ሴልሺየስ እየቀየርኩ ስነግራቸው ነበር፤ ይህ የደራሲው ትጋት ማነስ ነው፤ ሌላው ግን እንከን የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ አስተማርኩ። ቀበቶዬን ፈታሁና የጉዮን ክንድ አሰርኩት።

«ከንክሻው በላይ ነው» አልኳቸው። «አጥብቃችሁ፣ ደሙ ወደ ልብ መሄዱን እስኪያቆም።»

«ኧረ ምዋሊሙ! እባቡ ሳይመጣ አንተ ልትገድለኝ ነው!» አለ ጉዮ።

ሮዛ፣ «ሱሪህ እንዳይወርድ ብቻ» አለችኝ። «ያኔ ከእባብ የከፋ ነገር እናያለን።»

ፖል ሳቀና ሳል አነቀው። ጉዮ የታሰረ ክንዱን ወደ ላይ ይዞ አሰበ። «አክስቴ ዳኪ ግን አትሰር ነው የምትለው» አለ። «ዝም ብለህ ተኛ፣ ሳትነቃነቅ ተሸክመው ሐኪም ቤት ይውሰዱህ ትላለች።»

«አክስትህ ስንት መጽሐፍ አነበበች?» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ፤ ጉዮም ሳቀ። ከዚያ ራሱ በጥርሱና በቀኝ እጁ እያሰረና እየፈታ አምስት ጊዜ ተለማመደ። ከእኔ ይሻላል፤ ግመል አሳሪ አይደል። አሁን ጎልቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አይኖርም።

እነሆ፣ ጤናዬ፣ መጽሐፍ ማለት ይህ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት ያሳደገው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት አገር ሰው ሲያድን። ከዘመዶቻችን መካከል የመጽሐፍ ክብር የገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም። የሰው አጥንት ስለሚጠገንበት መንገድ የተጻፈ ካገኘሽ ላኪልን፤ ፖል ከአልጋ ወድቆ ትከሻውን ካመመው ወር ሆኖታል።

ወንድምሽ አሰግድ


አደላይድ
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አሰግድ፤

የሚገባው የዐቢይ ጾም ሰላም አይለይዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

እዚህ ሙቀቱ በርትቷል። ሥራዬ ብዙ ነው፤ ከመደርደሪያ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጋሪ መግፋት ነው። የአጥንቱን መጽሐፍ ገና አላገኘሁም። ሳገኝ በደንብ አይቼ ነው የምልከው፤ ከእንግዲህ በደንብ አያለሁ።

የአቶ ፖል ትከሻ ተሻለው? ለርስዎስ ወገብ ሐኪም አይተዋል? መጽሐፍ ማንበብ ጥሩ ቢሆንም ሐኪም ማየት የተሻለ ነው።

ታናሽ እህትዎ ጤናዬ

ይህንንም ልጨምር። የእባቡን የማሰሩን ነገር ለሰው ከመንገርዎ በፊት እዚያ ያለ ሐኪም ቢጠይቁ ጥሩ ይመስለኛል። እዚህ ሌላ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።


ሞያሌ
ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤናዬ፤

ያለ ሰላምታ መጻፍ ስላልተማርኩ ብቻ፣ ጤና ይስጥሽ።

ሚያዝያ 7 ቀን ጉዮ ጎልቦ ላይ የበረቱን እሾህ ሲያነሣ ግራ እጁን እባብ ነደፈው። በግመል ገመድ ከክርኑ በታች አሰረው፤ በጥርሱና በቀኝ እጁ፣ እኔ ዘንድ እንደተለማመደው። አክስቱ ዳኪ ፍታው ብላ አለቀሰች። «መጽሐፍ ነው ያለው» አላት። ከዚያ በሞተር ብስክሌት እስከ መኪና መንገድ፣ ከመኪና መንገድ በከብት መኪና። መንገዱ በዝናቡ ጨቅይቶ ነበር። ሆስፒታል እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ሙሉ ገመዱ አልተፈታም።

ሐኪሙ መርዙ ያን ያህል አልነበረም አለ። እጁን የገደለው ገመዱ ነው። ከክርኑ ዝቅ ብሎ ተቆረጠ።

«እንዲህ ማሰር ማን አስተማረህ?» ሲለው ጉዮ «መጽሐፍ» አለ። የእኔን ስም አልጠራም። እኔ እግርጌው ብርቱካን ይዤ ቆሜ ነበር። እኔም የእኔን ስም አልጠራሁም።

የየካቲት 30 ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚህ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ከታች፣ ከፊርማሽ በታች የጨመርሻትን አነበብኩ። ታውቂ ነበር። ስልክ ነበረሽ። በአንድ ደቂቃ የሚነገረውን ለሁለት ወር መንገድ ሰጠሽው።

የቅዳሜውን ስብሰባ ዘግቻለሁ። መጻሕፍቱ ላይ ጨርቅ አልብሻለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የእባቡ መጽሐፍ መቼ ነው የታተመው? ቁጥሩን ጻፊልኝ።

አሰግድ


አደላይድ
ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

1958፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ለጉዮ ብርታት ይስጠው። ከዚህ ሌላ ምን ሰላምታ እንደሚሆን አላውቅም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ሥራ አልገባሁም።

የቅጠሏ ነገር ደንብ አይደለም። የቆረጥኋት እኔ ነኝ። በወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ፣ በምላጭ፣ ሁሉንም።

እዚህ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ ያልሁት እውነት ነው፤ መጽሐፍ እመርጣለሁ ብዬ ግን አላውቅም፣ እርስዎ እንደዚያ ሲያስቡ ዝም አልሁ እንጂ። የእኔ ሥራ የተጣሉትን በጋሪ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ነው። መጽሐፍ ሲያረጅ፣ የተጻፈበት እውቀት ሲለወጥ፣ አዲስ ገዝተው አሮጌውን ያስወጡታል። ያቺ ቅጠል ላይ «ጊዜው ያለፈበት» ብለው ማኅተም ያደርጉበታል። ከዚያ ወረቀቱ ተፈጭቶ ሌላ ወረቀት ይሆናል። አለቃዬ የፈለግሽውን ውሰጂ አለችኝ። እንደ አዲስ የሚያምሩ መጻሕፍት ሲፈጩ ማየት አልቻልሁም። እርስዎ ታወሱኝ።

የመጀመሪያውን ካርቶን ስልክልዎ፣ ማኅተሙን ቢያዩት መልሰው እንደሚልኩልኝ አውቅ ነበር። «ጤናዬ ቆሻሻ ላከችልኝ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቆረጥሁ። ከዚያ «የመጽሐፍ ክብር የገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ» ብለው ጻፉልኝ። ያችን ደብዳቤ ልብሴ መካከል አስቀምጫታለሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርዎ?

ስለ ማሰሩ ሲጽፉልኝ ፈራሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ እባብ ስለሚገባ የመጀመሪያ እርዳታ አስተምረውናል፤ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ አትብጡ ነው የሚሉት። ልደውል ስልኩን አንሥቼ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ስለ መጽሐፍ በስልክ አይወራም ብለው ሁለት ጊዜ ዘግተውብኛል። ደግሞም ብደውል «በምን አወቅሽ?» ይሉኛል። «በምን አወቅሽ» የሚለው ቃል ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያስፈራኛል። ስለዚህ ከፊርማዬ በታች ጨመርኋት፤ ትንሽ አድርጌ፣ ማንም እንዳይቆጣኝ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ የቀረው ሰበብ ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ጋሼ፤ ከዚህ በኋላ ባይጽፉልኝም። ስምንት ወር እርስዎ ቤት ተቀምጬ፣ ሃያ ዓመት ደብዳቤ ተጻጽፈን፣ አንድም ቀን «አላውቅም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ቅጠሏ መጉደሏን ከእኔ በፊት እርስዎ አይተዋል። መልሴንም አላመኑትም፤ «ሞኝ ደንብ» ብለው አለፉት እንጂ። የጉዮን አክስት ቃልም ሰምተዋል።

ቅጠሎቹን አልጣልኋቸውም። ስልሳ አራት ናቸው። ወደ ናይሮቢ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርሱዎታል። ማኅተሙ ሁሉም ላይ አለ።

ጤናዬ


አደላይድ
ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ አሰግድ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ቅጠሎቹን ያመጣው ሰው አስረክቤአለሁ ብሎኛል። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሣም። ጉዮ እንዴት እንደሆነ ብቻ፣ በአንድ መስመር።

ጤናዬ


ሞያሌ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጤናዬ፤

ይህ ዓመት ካለፈው የተሻለ ይሁንልሽ፤ ለሁላችንም።

ስልክሽን ያላነሣሁት ስለተናደድኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነሐሴ ላይ አነሣው ነበር፤ ንዴቴ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ አያውቅም። ያላነሣሁት የጻፍሽው ትክክል ስለነበረ ነው። በሥራሽ የሚታረም ነገር ሳገኝ መልስ አላጣም። የሚታረም ሳጣ ግን ምን እንደማደርግ ማንም አላስተማረኝም።

ቅጠሎቹን ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉዮ በሩን አንኳኳ። በቀኝ እጁ ነው ያንኳኳው፤ የግራው እጅጌ ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ምዋሊሙ፣ ቅዳሜ ለምን ተዘጋ?» አለኝ።

«ለምን እንደተዘጋ ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀው እጄ እንደሌለ ነው። በሩ ለምን እንደተዘጋ አላውቅም።»

አስገባሁት። ማሰር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ አልኩት። አክስትህን የሰደብኩ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅህም አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

«አየሁህ እኮ» አለ። «ብርቱካኑን እስኪፈስ ድረስ ስትጨምቀው አየሁህ። የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ተቆጣችህ።»

ከዚያ የቅጠሎቹን ነገር ነገርኩት። አንቺን አልሸሸግኩም፤ እኔንም አልሸሸግኩም። መሳቢያውን ስቤ አሳየሁት። አንዷን ቅጠል አንሥቶ አየና ጠየቀኝ።

«የእባቡን የጻፈው ሰውዬ ዋሽቷል?»

«አልዋሸም። ያኔ ሐኪሞቹም እንደዚያ ነበር የሚያምኑት።»

«እንግዲያ ጭቃ ነው የሞላው» አለ። ኤላ የሚሉትን የእነርሱን ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አስቦ ነው። ኤላ የቆፈሩት አያቶች ናቸው፤ ነገር ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃ ይገባዋል። የቆፈሩትን የሚወድ ሰው ወርዶ ጭቃውን ያወጣል። አያቶቻችን ቆፍረውታል ብሎ ቁጭ የሚል ከብቱን ጭቃ ያጠጣል። «ኤላ በጭቃ ስለሞላ አንደፍነውም፣ ምዋሊሙ። እንጠርገዋለን። አንተ ግን ጨርቅ አለበስከው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራታችንም ተሰበሰብን። ሮዛ የዱቄት ሙጫ በድስት አብስላ መጣች፤ «የሆቴሉ ሾርባ መስሎት አንድ ሰው ሊቀዳው ነበር» አለች። ፖል የየቅጠሉን ዓመት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ እኔ መጽሐፉን እፈልጋለሁ፣ ሮዛ ትለጥፋለች። ጨው፣ 1974። እንቅልፍ፣ 1969። ንብ፣ 1996፤ ይሄኛው ብዙም አላረጀ። ከዚያ የመሬት አፈጣጠር። 1949።

መጽሐፉን ገለጥኩና በቀይ የጻፍኩትን አየሁ። አንዱ ኅዳግ ላይ «ደንቆሮ» ብዬ ጽፌያለሁ። ደራሲው ደንቆሮ አልነበረም፣ ጤናዬ። እሱ ሲጽፍ የአህጉሮች መንቀሳቀስ በእርግጥ የጥቂቶች ግምት ነበር። እኔ በተማርኩት ሙያ መጽሐፉ ሲሳሳት ወዲያው አየሁት፤ ስሕተቱን ያመጣው ዘመኑ ይሆን ብዬ ከመጠየቅ ግን ሰውየውን ሰደብኩ። በማላውቀው ሙያ ደግሞ ያንኑ ያህል ያረጀ መጽሐፍ ይዤ ቀበቶዬን ፈታሁ። ፋራናይቱ ሊነግረኝ ሞክሯል። የሥዕሎቹ መኪናዎች፣ የሰዎቹ የጠጉር አቆራረጥ ሊነግሩኝ ሞክረዋል። ልብ ያላልኩት ስላላየሁ አይደለም። በዚህ ከተማ የሚያውቅ ሰው እኔ ስለነበርኩና ያን መሆን ስለምወድ ነው። ይህን ለሦስቱም ተናገርኩ። ፖል «ሳዋ፣ ምዋሊሙ»፣ እሺ እንደማለት፣ ብሎ ወደሚቀጥለው ቅጠል አለፈ፤ ከዚህ የተሻለ ሊያደርግልኝ የሚችለው ነገር አልነበረም።

የእባቡ ቅጠል መጨረሻ መጣች። ሮዛ ልትለጥፍ እጇን ስትዘረጋ ጉዮ «ተዪ፣ እኔ» አላት። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ በቀኝ እጁ ቅጠሏን ያዘ፤ ሙጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ። እስኪደርቅ በመዳፉ ተጭኖ ቆየ። ከዚያ ባዶው ኅዳግ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ፖል በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ፦ አጥብቀህ አትሰር፤ አትብጣ፤ የተነደፈውን ሳታነቃንቅ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርስ። ከዚህ በታች ጉዮ አንድ ነገር አስጻፈኝ፦ «የጎልቦዋ ዳኪ ይህን አስቀድማ ተናግራለች።» ሆስፒታሉም ሄጄ ሐኪሙን አስነበብኩት፤ አንድ ቃል አስተካከለልኝና ፈረመበት። ጉዮን ያስተማርኩት እኔ መሆኔን ለእሱም ነገርኩት። በስድስት ወር ዘግይቼ።

አሁን ሥርዓታችን ተለውጧል። መጽሐፍ ሳነሣ ጉዮ ከሁሉ አስቀድሞ «ዓመቱ?» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ዓመቱን ነግሬው ልጀምር ስል እንደገና አስቆመኝ።

«አንተስ ምዋሊሙ፣ አንተ የታተምከው መቼ ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በ1984 ነው» አልኩ።

«ኧረ በአላህ!» አለ። «ሮዛ፣ ሙጫው ተርፏል?»

ሮዛ በሳቅ ወንበሯን ይዛ ልትወድቅ ነበር። እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። ካርቶን መላክሽን አታቁሚ። ቅጠሏ ከነማኅተሟ በቦታዋ ትምጣ። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጋር በእጅሽ የተጻፈ አንድ ገጽ አድርጊበት፤ ይህ ከተጻፈ ወዲህ ምን ተለወጠ የሚል። አዲሶቹ አንቺ ዘንድ መደርደሪያ ላይ አሉ። ጋሪውን አቁሚና አንብቢያቸው። ያልገባሽን አላወቅሁም ብለሽ ጻፊ፤ በቀይ አላርመውም። እኔም ያችን ቃል እየተለማመድኩ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ብያታለሁ፣ ፖል ቆጥሮልኛል። አስቸኳይ ከሆነ ደውይ። አነሣለሁ።

ጉዮ አሁን ግመል የሚያስረው በጥርሱ፣ በጉልበቱና በቀኝ እጁ ነው። ከድሮው ይዘገያል። ሳየው አሁንም አንቺ ላይ እናደዳለሁ፤ ከዚያ እኔ ላይ፣ ከዚያ እንደገና አንቺ ላይ። እሱ ይቅር ብያታለሁ በልልኝ ብሎኛል። እኔ ግን ይቅር አላልኩሽም፤ ራሴንም ገና ይቅር አላልኩም። ይህ ዛሬ የማውቀው ነው። ቀኑ ከላይ ተጽፏል።

ወንድምሽ አሰግድ